እንዳሻው

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጉም ከቆላው ሲወጣ፣
ደብረ ሲና ታፍና፣ አስፋልቱም ሲታጣ፣
ከቀበሌው አዳራሽ፣ ከሚያፈሰው ጣራ ሥር፣
ሠላሳ አራት ሰው ሆነን፣ ተሰበሰብን ለነገር።
አጀንዳው አንድ ብቻ ነው፤ ተጽፏል በጠመኔ፦
"ዘጠኝ ቁጥር ይቆይ? ይሂድ?" ጸሐፊው ደግሞ እኔ።

ጋሽ ጥላዬ ተነሡ፣ ፀጉር አስተካካዩ፤
ባዶ እጃቸውን ሲቆጡ፣ መቀስ የያዙ ይመስላሉ ሲታዩ።
"ለሸዋ ሮቢት ግጥሚያ፣ ሰባት ሰዓት ቀጠሮ፣
ሚኒባሱን አስቁመን፣ ስንፈልገው ጓሮ ለጓሮ፣
የት ተገኘ? አረቄ ቤት! ማልያውን አስይዞ፣
የከተማውን ስም በመለኪያ መንዝሮ!
ዳኛ በጥፊ አጮለ፣ ሦስት ነጥብ አስቀነሰን፤
ይቅር ባልነው ቁጥር፣ እፍረት አለበሰን።"

ከኋላ ወንበር ጮኸ፣ ሹፌሩ ኃይለልዑል፦
"ያችንስ ረሳችኋት? የጥምቀት ማግሥቷን ጎል?
በግራ እግሩ ሲነካት፣ ኳሷ ስትታዘዝ፣
ጉሙን ሰንጥቃ ስትገባ፣ በረኛው ሲደነዝዝ!
ጭነት ይዤ በሌሊት፣ ጣርማ በርን ስወጣ፣
እንቅልፍ ሲያዳፋኝ፣ ዓይኔ ብርሃን ሲያጣ፣
ያቺ ጎል ናት የምትታየኝ፤ ከገደል አፍ የመለሰችኝ
አንዲት የሰካራም እግር ናት፤ ምን ላድርግ? እሷው ደረሰችልኝ።"

አሠልጣኙ መምህር ደጀኔ፣ ተነሥቶ ቆመ ዝም፤
ሒሳብ የሚያስተምር ሰው፣ ይህን ማካፈል አልቻለም።
"ሁለት ልጆች አሉኝ" አለ፣ "ሳይቀሩ የሚለማመዱ፣
ዝናብም ቢሆን ውርጭም ቢሆን፣ ጎሕ ሳይቀድ ሜዳ የሚወርዱ።
በስድስት ወር አንድ ጎል የላቸውም። ግን አሉ።
ምን ልበላቸው? እሱ ሰክሮ ሲሰለፍ፣ እነሱ አግዳሚ ሲሞሉ?"

ማልያ አጣቢዋ እትዬ አሰለፈች፣ የቆሎ ቁናቸውን ታቅፈው፣
"ኳስ አላውቅም" አሉ፣ "የማውቀው እድፍና ቀዳዳ ነው።
የዘጠኝ ቁጥር እጅጌ፣ በጥርስ ነው የተበላው፤
ከግጥሚያ በፊት ይነክሰዋል፤ እኔ ነኝ የምጥፈው።
እናንተ ጎሉን ቆጠራችሁ። ልጁ ምን ፈርቶ ነው፣
አንድ ሰው ጠየቀው?"

ማንም አልመለሰም። ጣራው ብቻ አንጠባጠበ።
አንድ ሽማግሌ፣ ጥግ ላይ፣ ጋቢውን ሰበሰበ፦
"ስሙ እኮ ነው ያጠፋው፤
እናቱ ምን ብላ ጠራችው? እንዳሻው! እንዳሻው!"
ሳቅን። ከሳቃችን በኋላ፣ ነገሩ የባሰ ከበደ፤
እጅ ይውጣ ተባለ፣ እያንዳንዱም ዓይኑን መሬት ሰደደ።

"ይሂድ" የሚሉ፦ አሥራ ስድስት።
ቆጠርኩ። ደገምኩ። አሥራ ሰባት። ከበሩ ጥግ አንዲት
እጅ፣ እጅጌዋ የተተለተለ፣ ከጉሙ መሐል ወጥታ፣
ቆማለች በባለቤቷ ላይ ልትፈርድ መጥታ።

እሱ ነው። አልሰከረም። ፀጉሩ ላይ ጤዛ አለ፤
በብብቱ ኳስ ታቅፏል፣ ሱሪው በጭቃ ቦክቷል እንዳለ።
(ሜዳችን ዘመም ያለ ነው፤ ኳስ ካመለጠች ገደል ትገባለች፤
ባለፈው እሑድም አንዷ፣ ገብታ እዚያው ቀርታ ነበረች።)
"እኔም ድምፅ አለኝ አይደል? መዋጮ ከፍያለሁ" አለ።
እንዳልከፈለ እናውቃለን። አንድም ሰው ምንም አላለ።
ጋሽ ጥላዬ ብቻ፣ አንገቱን አይተው ቆይተው፣
"ፀጉርህ አድጓል" አሉት፣ "ነገ ና" አሉት፣ ፊታቸውን አዙረው።

እኔም መዝገቤን ገልጬ፣ ውሳኔውን ልጽፍ ብል፣
ብዕሬ ሁለት ቃል ጽፋ፣ ቆመች፤ አልሄድም ስትል፦
"እንዳሻው ይቅር።"

ማኅተሙን መታሁበት። ያሻው እንዳሻው ያንብበው።
ማክሰኞ ልምምድ አለ።
ማን እንደሚመጣ እናያለን፤ ጉሙ ከፈቀደው።